ደረሰኝ

ከመሐል ሜዳ ማዶ፣ ጓሳው ከሚያልቅበት፣
ውርጭ በጥቅምት ሌሊት ድንጋይ ከሚያፈርስበት፣
ክብ የድንጋይ ክምር፤ በር የሌለው ቤት።

መጀመሪያ ዶቃ አገኘን፣ ቀይ፣ የምስር ፍሬ የሚያህል፣
ከሥሩ የነሐስ አምባር፤ ከአምባሩ ክንድ አለፍ ሲል
ወደ ጎን ዘንበል ያለ፣ ወሬ የሚያዳምጥ የራስ ቅል።

አቶ ይፍሩ ከካቡ ወረዱ፣ ባናቸውን አጣፍተው፣
"አይንኩት!" ሳልል ቀደሙኝ፣ በጉልበታቸው ተንበርክከው፣
ከዐይን ጉድፍ እንደሚያወጣ ሰው
የጆሮዋን አፈር እፍ አሉት።
"ሴት ናት" አሉ።
"በምን አወቁ?"
"አንገቷን አታዪም? ስትሰማ የኖረች ናት።"

ትውልድ ቆጣሪ ናቸው፤ አባት በአባት ላይ ይክባሉ፣
ዐሥራ አራት በወንዱ በኩል፣ በሴቷም ዐሥራ አንድ ይላሉ፣
አቅኚው ዘንድ ሲደርሱ ምራቃቸውን ይውጣሉ።
መሬቱን አዋጅ ከወረሰው ሃምሳ ዓመት አለፈው፤
ቆጠራውን ግን ማን ይውረሰው?
"አጽመ ርስት" ይሉት ነበር ያኔ፣ ችሎት ፊት ቆመው።
እሳቸው ርስቱ ሄዶ አጽሙ የቀራቸው፣
እኔ አጽሙን ይዤ ርስቱ የጠፋኝ፣
አንድ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ተያየን።

"ምን ያህሏን ትወስጃለሽ?"
"ከጆሮዋ ሥር ያለችውን፣ ከአጥንት ሁሉ ጠጣሯን።
ከእሷም የምፈጨው የገብስ ፍሬ ቢያህል ነው።"
"እንግዲያው ደረሰኝ።"
ከደብተሬ ገጽ ቀድጄ ጻፍኩ፦
አንድ የግራ ጆሮ አጥንት። በውሰት። የሚመለስ።
አጥፈው ብብታቸው ሥር ሸጎጡት።

ቤተ ሙከራው አገር የለውም፤ ነጭ ግድግዳ ብቻ ነው፣
ነጭ ቱታ፣ ጓንት በጓንት ላይ፣ አፍና አፍንጫ ታፍነው፣
የኔ ትንፋሽ ከሷ ዝምታ እንዳይደባለቅ ብለው።
መሰርሰሪያው ሲነካት የተቃጠለ ጠጉር ሸተተች።
ሌላ ምንም አላለች።

በሦስተኛው ወር ውጤቱ መጣ፤ ሙሉ፣ ረጅም፣ ያልተሸራረፈ!
ልቤ ወደ ምረቃው ቀን ከነፈ።
መምህሬ መነጽራቸውን አወለቁ፦
"ሙት እንዲህ አይናገርም፣ ልጄ፤
የሙት ቃል ቁርጥራጭ ነው፣ ጫፍ ጫፉ የተበላ።
ይሄ ወንድ ነው። ዛሬ ጧት ቁርሱን የበላ።"

እፍ!
አቶ ይፍሩ ነበሩ። ትንፋሻቸው ጆሮዋ ውስጥ ተቀምጦ
ያለ ፓስፖርት ባሕር አቋርጦ
ማሽኔ ላይ አባቶቹን ሲቆጥር ከረመ።
"ብክለት" ብዬ መዘገብኩት። ቃሉ እጄን አመመ።

ከሱ ሥር ሌላ ድምፅ ነበረ፣ ሰለል ያለ ገና፣
ሠላሳ ፊደል፣ አርባ ፊደል፣ አይጥ እንደበላው ብራና።
ሴት።
(ሽማግሌው ቀድመውኛልና።)
ወገኗስ? ሥዕሉ ላይ አንዲት ነጥብ ሆና
ከዚህኛው መንጋ ራቅ፣ ከዚያኛው ፈንጠር።
ሦስት መቶ ገጽ ልጽፍላት ነው፣ ዶክተር የምባለው በሷ፤
አንዲት ፊደል አላገኘሁም ከስሟ።

በሚያዝያ ተመለስኩ፣ በጥጥ ጠቅልዬ።
"ዘመዴ ናት?" አሉኝ፣ ሰላምታውን ሳንጨርስ።
መዋሸት ቀላል ነበር።
"ሠላሳ ቤት ወደ ላይ ይቁጠሩ። ወላጅ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት
እያለ ይበዛል፤ ከአገሩ ሰው ይበልጣል። እዚያ ባዳ የለም።
ወይ ደግሞ ሳትወልድ ሞታ ይሆናል፤ ያኔ የማንም አይደለችም።"
"የሁላችን ናት ወይ የማንም አይደለችም በይኛ።"
"አዎ።"
"መሬቱንም እንዲሁ ብለውን ነበር።"

ደረሰኙን ከብብታቸው አወጡ፤ ጭስና ላብ የጠጣ።
"የገብሷስ ፍሬ?"
"አለቀች። ተነበበች።"
"እሱንም ጻፊው።"
ጻፍኩ፦ የገብስ ፍሬ ታህል ጎድላ ተመለሰች።
"በይ ያዥው" አሉ። "ለኔ ደርሶኛል።"

አጥንቷን ሲያስቀምጡ አየኋቸው፤ አፈር ነበረባት ጥቂት።
ጎንበስ አሉ፤ ሊያራግፉላት።
ከዚያ ትዝ አላቸው መሰል
የባናቸውን ጫፍ ሳብ አድርገው
አፋቸውን ሸፈኑ።